ከአፕዴቱ በኋላ የተንቀራፈፈው ኮፒ፦ የአንድ ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ይህን የጻፍኩት ሥራው እየተሠራ ሳለ ነው፤ ማታ ማታ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጬ። ፊደል ብቻ ነው ያስተካከልኩት። የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎች አላወጣኋቸውም። ሌላ ሰው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ የሚረዱት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ስቱዲዮው አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ይሠራል። አራት ኤዲተሮች አሉ፤ አራቱም ፋይል የሚያወጡትና የሚያስገቡት ከአንድ ሰርቨር ነው። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኮር አይ3-2100 ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ አለው፣ ኡቡንቱ የሚባል የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ተጭኖበታል፣ ፎልደሮቹን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮቹ የሚያካፍልልን ሳምባ ነው። ሁሉንም በኬብል የሚያገናኝ ስምንት ቀዳዳ ያለው ጊጋቢት ስዊች መሃል ላይ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዓርብ ጥር 15፣ ማታ

የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ግንቦት 2017 ላይ ነው። እስካሁን ማቆየቴም ልክ አልነበረም። ነገና ከነገ ወዲያ ሁሉም ሰርግ ላይ ስለሚውል ቢሮው ባዶ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ፋታ የለም። ስለዚህ ዛሬ።

ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መዝለል አይቻልም፤ መጀመሪያ 22.04 ላይ ማረፍ ግድ ነው። እሱም በፈረንጆች እስከ 2027 ድጋፍ ስላለው ለጊዜው እዚያው ልቆም ወሰንኩ። ከቤቴ ሆኜ በርቀት ልሠራው እችል ነበር። ግን መሃል ላይ መስመር ቢቋረጥ ሰርቨሩ ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እናም ከመደርደሪያው ስቤ አውጥቼ ሞኒተርና ኪቦርድ ሰካሁበት።

ሳምባ ጋ ሲደርስ የማዋቀሪያ ፋይሉን በአዲስ ልተካው ወይስ ያለው ይቆይ ብሎ ጠየቀኝ። ያለው ይቆይ አልኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የማያስፈልጉትን ላጥፋቸው ወይ ሲል አይሆንም አልኩት። አሮጌው ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) 5.4 ለክፉ ቀን እንዲቀመጥልኝ ፈልጌ ነው። አዲሱ 5.15 ነው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ። ከላፕቶፔ አንድ ፎቶ ከፈትኩ፣ ተከፈተ። ሰርቨሩን ወደ ቦታው ገፍቼ መብራት አጥፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ ጥር 18፣ ጠዋት

ስልኬ የጮኸው 3 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የስቱዲዮው ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አልተቆጡም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቀኝ።

«ልጄ፣ ዓርብ የነካካኸው ነገር አለ አይደል? የቅዳሜው ሰርግ ሰባት ሰዓት ይቀረኛል እያለ ነው።»

«አሁን እመጣለሁ ጋሼ። ምንም እንዳያጠፉ ብቻ ይንገሩልኝ።»

የቅዳሜው ሰርግ ቀረጻ 280 ጊጋ ባይት ነው። ድሮ ይህን ያህል ነገር ከሰርቨሩ ወደ ኤዲተር ኮምፒውተር ለማውረድ 42 ደቂቃ ገደማ ይበቃ ነበር፤ በሰከንድ 112 ሜጋ ባይት። አሁን ስክሪኑ ላይ የሚታየው 11.2 ነው። ልክ አንድ አሥረኛ።

ይህ «ልክ አንድ አሥረኛ» የሚለው ነገር ያኔውኑ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር።

ሰኞ፣ ከሰዓት

አላስቆመኝም። ሰው ቆሞ እያየህ፣ አራት ኮምፒውተር ሥራ ፈትቶ፣ እጅህ ቶሎ አንድ ነገር መሥራት ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ «ሳምባን ለማፍጠን» የሚሉ መስመሮች ሞልተዋል። ከነሱ አንዱን ወስጄ ሳምባ ማዋቀሪያ ውስጥ ለጠፍኩት። ለመላኪያና ለመቀበያ የሚሆነውን የሶኬት ማቆያ ቦታ፣ ማለትም ዳታ ለጊዜው የሚቀመጥበትን ራም፣ 8192 ባይት ላይ የሚወስን መስመር ነው። ሳምባን አስነሥቼ ሞከርኩ። 11.2። ምንም አልተለወጠም። ካልጠቀመም አልጎዳም ብዬ ተውኩት።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። ሳልለካ ማስተካከል ጀመርኩ። ያልጠቀመውን ደግሞ መልሼ አላነሣሁትም። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ረቡዕ ላይ ታያላችሁ።

ከኤዲተሮቹ አንዷ፣ ጥግ ላይ ያለችው፣ ስዊቹ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። «ወንድሜ፣ ያ መብራት ድሮ አረንጓዴ አልነበር እንዴ? አሁን ብርቱካናማ ሆኗል» አለችኝ። እሺ አያለሁ አልኳት። አላየሁም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ከርነሉ ነበር።

ሰኞ፣ ማታ

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ተረጋጋሁ። የዓርቡ አፕዴት ነው ጥፋተኛው ካልን ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ወደ አሮጌው ከርነል መመለስ። ሰርቨሩን አስነሥቼ ከመጀመሪያው ዝርዝር ላይ 5.4ን መረጥኩ። የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የሚመጣው ከከርነሉ ጋር ስለሆነ፣ ችግሩ እዚያ ካለ መጥፋት አለበት።

አልጠፋም። 11.2።

ወንበሬን ገፋ አድርጌ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ የከሰስኩት ነገር ነጻ ወጣ። ሳምባ ራሱ አዲስ ነው፣ እሱ ይቀራል። ግን በዚህ ሰዓት ሌላ ነገር መንካት አልፈለግሁም። ደብተር አወጣሁና ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ዲስክ። ሽቦ። ሳምባ። ነገ እያንዳንዱን ለብቻው እለካለሁ።

ማክሰኞ ጥር 19

ዲስኩን አስቀደምኩ። የመጀመሪያው ሙከራ በሰከንድ 1.4 ጊጋ ባይት ጻፍኩ አለኝ። ይህ ዲስክ ያን ያህል አይችልም፤ በፍጹም። የተለካው ዲስኩ ሳይሆን ራሙ ነው። ሊኑክስ የሚጻፈውን መጀመሪያ ራም ላይ ተቀብሎ «ጨርሻለሁ» ይላል፣ ወደ ዲስኩ የሚያወርደው ቆይቶ ነው። እስኪወርድ ጠብቀህ ቁጠር የሚለውን አማራጭ ጨምሬ ስደግመው 160 ሜጋ ባይት ሆነ። ይህ ለእንዲህ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ቁጥር ነው። ዲስኩ ተሰረዘ።

ቀጥሎ ሽቦው። አይፐርፍ3 የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። አንዱ ጫፍ ይቀበላል፣ ሌላው ጫፍ ይልካል፤ ዲስክም ሳምባም አይነካም፣ መስመሩን ብቻ ነው የሚለካው። ኔትወርክ የሚነካ ሰው ሁሉ ከእጁ ባይለየው ደስ ይለኛል። አሥር ሰከንድ ጠበቅሁ።

በሰከንድ 94 ሜጋቢት።

ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ። የጊጋቢት መስመር በአይፐርፍ ሲለካ 941 አካባቢ ይሰጣል፤ የ100 ሜጋቢት መስመር 94። የቀረው ለፓኬቶቹ፣ ዳታው ተቆራርጦ ለሚላክባቸው ጥቅሎች፣ መጠቅለያ የሚሄድ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 94ን ለ8 ብታካፍሉት 11.75 ሜጋ ባይት ይመጣል። ሳምባ የራሱን ሲወስድ 11.2። ሰኞ ጠዋት «ልክ አንድ አሥረኛ» ያልኩት ይህ ነው። ኮምፒውተር ሲደክም ወይም ሲጨናነቅ ቁጥሩ ይዋልላል፤ አንዴ 40፣ አንዴ 15፣ አንዴ 60። ቁጥሩ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን ገደብ ነክቷል ማለት ነው።

ኢትቱል በሚባለው ትእዛዝ ካርዱን ጠየቅሁት፤ ፍጥነት 100 አለ። ወደ አዲሱ ከርነል ተመልሼ የመነሻ መልእክቶቹን አነበብኩ። እዚያ ውስጥ፣ ዓርብ ማታ ጀምሮ፣ እንዲህ የሚል መስመር ተቀምጦ ነበር፦ ስምምነቱ የነበረው 1 ጊጋቢት ነው፣ ትክክለኛው ፍጥነት ወደ 100 ወርዷል፣ ኬብሉን ተመልከት።

ኬብሉን ተመልከት! በግልጽ ቋንቋ፣ ያለ ምንም መሸፋፈን። የአሮጌውን ከርነል መልእክትም ፈልጌ አየሁት፤ እሱ «መስመሩ በ100 ተነሥቷል» ብሎ ብቻ ነው የሚያልፈው። ቀኑን ሙሉ የጠረጠርኩት አዲሱ ከርነል ነው ጥፋቱን በጣቱ ያሳየኝ።

ያቺ ልጅ ጋ ሄጄ መብራቱን አብረን አየን። በእኛ ስዊች ላይ አረንጓዴ ጊጋቢት፣ ብርቱካናማ 100 ነው። ሰኞ ከሰዓት ነግራኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ከልቤ ነው። ሳቀችና «በቃ አግኘው» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት፦ ኬብሉ

ከሰርቨሩ እስከ ስዊቹ ያለው ኬብል አራት ሜትር ገደማ ነው። ድሮ በእጅ የተገጠመ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለችው መቆለፊያ ምላስም ተሰብራለች። ዓርብ ሰርቨሩን ከመደርደሪያው ስስበው ይህ ኬብል አብሮ ተጎትቷል። መልሼ ስገፋው ደግሞ ከጀርባው ከግድግዳው ጋር ታጥፏል። አፕዴቱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ያለው አፕዴቱን ለመሥራት ሰርቨሩን ያንቀሳቀስኩበት እጅ ላይ ነው። ሁለቱ በአንድ ማታ ስለሆኑ ነው ያሳሳቱኝ።

የኬብል ቴስተር ላይ ሰካሁት። መብራቶቹ ተራ በተራ ይበራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት በራ። ስምንት አልበራም። ደገምኩት። ስምንት ጨለማ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ደስ የሚል ነው። ኬብሉ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠምዝዘዋል፤ አራት ጥንድ። የ100 ሜጋቢት መስመር የሚጠቀመው ሁለቱን ጥንድ ብቻ ነው፤ 1ና 2፣ 3ና 6። ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ካርዱና ስዊቹ ሲገናኙ መጀመሪያ «ምን ያህል ትችላለህ?» ይባባላሉ። ያ ንግግር የሚሄደው በሁለቱ ጤነኛ ጥንዶች ነው። ስለዚህ ሁለቱም «ጊጋቢት እችላለሁ» ብለው ይስማማሉ። ወደ ሥራው ሲገቡ ግን ቡናማው ጥንድ መልስ አይሰጥም። ደጋግመው ይሞክራሉ፣ አልሆን ሲል በሁለቱ ጥንድ ወደ 100 ይወርዳሉ። ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፎቶው ይታያል። ማንም ኬብል ተበጥሷል ብሎ አያስብም።

ጫፉን ቆርጬ ሽፋኑን ገለጥኩ። ቡናማው ሽቦ ከመግቢያው አንድ ጣት ያህል ወረድ ብሎ ተሰብሯል፤ ላስቲኩ ብቻ ነው የያዘው። ቢላ ወስጄ ሌላውን ሽቦ በቀስታ ፋቅሁት። ላዩ ቀይ መዳብ ነው፣ ስር ግን ነጭ ብርማ ወጣ። አልሙኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ርካሽ ኬብል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሳይነካ ከተቀመጠ ሊሠራ ይችላል፤ ጥቂት ጊዜ ከታጠፈ ግን እንደ መዳብ አይታገሥም፣ ቀጭ ይላል።

ይህን ኬብል ቆርጬ ልጠግነው አልፈለግሁም። መርካቶ ሄጄ ንጹሕ መዳብ የሆነ ገዛሁ፤ እዚያው ፍቄ አይቼ። ማታ ጫፎቹን ገጠምኩ። ቅደም ተከተሉ በቃሌ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሽቦዎቹን በጣት ጠፍጠፍ አድርጎ ማስተካከል፣ እኩል መቁረጥ፣ እስከ መጨረሻው መግፋት። ከፊት ለፊት ስታዩት ስምንቱም የመዳብ ጫፍ እንደ ትናንሽ ዓይን ብልጭ ብልጭ ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው መጭመቅ።

ቴስተሩ ላይ ስምንቱም በሩ። ስዊቹ ላይ አረንጓዴ። አይፐርፍ 941።

ፋይል ኮፒ ለማድረግ እንኳ አልቆየሁም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ ጥር 20

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ስልክ። «ልጄ፣ ተሻሽሏል፣ እግዜር ይስጥህ። ግን እንደ ድሮው አይደለም።»

38 ሜጋ ባይት። ሰባት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሁለት ሰዓት ሆኗል። ድሮ ግን 42 ደቂቃ ነበር።

ዛሬ አልተጣደፍኩም። ደብተሬ ላይ ሦስት መስመር አለ። ዲስኩ 160፣ ተለክቷል። ሽቦው 941፣ ተለክቷል። የቀረው ሳምባ ብቻ ነው። ሳምባ ላይ ከዓርብ ወዲህ ምን ተለወጠ? ማዋቀሪያው ይቆይ ብያለሁ። ታዲያ ማን ነካው?

እኔ። ሰኞ ከሰዓት። ያቺ መስመር።

ሰኞ ምንም ለውጥ ያላመጣችው ከሷ በፊት ኬብሉ አፍኖ ስለያዘን ነው። ኬብሉ ሲከፈት የእሷ ጉሮሮ ታየ። ነገሩ እንዲህ ነው። ላኪው ተቀባዩ «ደረሰኝ» እስኪል ድረስ በመንገድ ላይ ሊያቆይ የሚችለው መጠን አለ። ሊኑክስ ይህን መጠን እንደ መስመሩ ፍጥነት ራሱ ያሰፋዋል፣ ራሱ ያጠበዋል። 8192 ብላችሁ ስትወስኑት ከርነሉ እጥፍ አድርጎ 16 ኪሎ ባይት ይሰጣችኋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ማስፋቱን ይተዋል። ውኃው በቧንቧ እየመጣ በጣሳ እንደመቅዳት ነው። ጣሳው ሞላ፣ ደፋው፣ መልሰህ አምጣ። እንዲህ ዓይነት መስመሮች የቆየ ዘመን ቅሪት ናቸው፤ ዛሬም ከገጽ ገጽ እየተቀዱ ይዞራሉ። ማዋቀሪያችሁ ውስጥ ካገኛችኋቸው አውጡና ለኩ።

መስመሩን አጠፋሁ። ሳምባን አስነሣሁ። ያንኑ ፎልደር ኮፒ አደረግሁ። 111፣ 112፣ 112፣ 110።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ቁጥሩን ሳይሆን የሚሮጠውን አረንጓዴ መስመር ነው ያዩት። «አሁን ሆነ» አሉና ቡና አስመጡልኝ።

ሐሙስ ጥር 21

አስተርዮ ማርያም ስለሆነ ስቱዲዮው ጸጥ ብሏል። የመጣሁት ለአንዲት የቀረች ነገር ነው።

ሦስቱ ኮምፒውተሮች 110 አካባቢ ናቸው። በዚህ ወር የተገዛው አዲሱ ላፕቶፕ ግን 58 ላይ ይቆማል። በዚያው ኬብል፣ በዚያው የስዊች ቀዳዳ። አይፐርፍ ከሱም 941 ይሰጣል። ስለዚህ ሽቦውን መልሼ አልነካም።

ኮፒ እያደረገ የሰርቨሩን ፕሮሰሰር አየሁ። ሳምባ አንዱን ኮር መቶ በመቶ ይዞታል። ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሲያወርዱ ይህ አይታይም። የተገናኙትን የሚዘረዝረውን የሳምባ ትእዛዝ ስሰጠው ልዩነቱ ወጣ፤ የላፕቶፑ ግንኙነት የተፈረመ ነው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ፕሮ፣ 24ኤች2 ነው። ከዚህ እትም ጀምሮ ፕሮው እያንዳንዱ ፓኬት እንዲፈረም በነባሪ ያስገድዳል። ፊርማው መንገድ ላይ ማንም ፋይሉን እንዳልቀየረው ማረጋገጫ ነው።

ችግሩ ፊርማው የሚሠራው ኤኢኤስ በሚባል የምስጠራ ስሌት መሆኑ ነው። አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ለዚህ የራሳቸው ትእዛዝ አላቸው፤ እንደ ቀላል ነገር ነው የሚሠሩት። የእኛ አይ3-2100 የለውም። የፕሮሰሰሩን መግለጫ ከፍቼ ፈለግሁት፣ የለም። ስለዚህ እያንዳንዷን ፓኬት በእጁ እንደሚፈርም ጸሐፊ ይዳክራል።

ላፕቶፑ ላይ ፊርማውን ማጥፋት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አላጠፋሁትም። ይህ ኔትወርክ እንግዳ ይገባበታል፤ ሙሽሮች ፎቶ ሊመርጡ ሲመጡ ዋይፋዩን ይጠይቃሉ፣ ይሰጣቸዋልም። የሰው ሰርግ ተመልሶ አይቀረጽም። 58 ሜጋ ባይት ለኤዲት በቂ ነው። ትልልቁን ቀረጻ ማታ እንዲያወርዱ ለላፕቶፑ ባለቤት ነገርኩት፣ ተስማማ። ለጋሼ ደግሞ ከጾሙ በኋላ ሰርቨሩን በሌላ ማሽን ስንተካ መጀመሪያ የምናየው ኤኢኤስ ያለው ፕሮሰሰር መሆኑን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት።

የእንግዳውን ዋይፋይ ከቢሮው ኔትወርክ መለየትም አለብኝ። እሱ የሚቀጥለው ሥራ ነው፣ ደብተሩ ላይ ገብቷል።

ሰኞ ጥር 25

የቅዳሜና የእሑድ ሁለት ሰርግ ገብቷል። የመጀመሪያው 264 ጊጋ ባይት፣ ከሰርቨሩ ወደ ጥግ ወዳለችው ኤዲተር ኮምፒውተር፣ 40 ደቂቃ።

ከዚያው ከድሮው ጥቅል የተቆረጡ ሌሎች ሦስት ኬብሎች ከጠረጴዛዎቹ ስር አግኝቻለሁ። ሁሉም ይሠራሉ፤ ሁሉንም ግን እየቀየርኩ ነው። ሁለቱ አልቀዋል። ሰርቨሩ ጀርባ ላይ የሚገባውን አዲሱን ኬብል ግማሽ ሜትር ያህል ትርፍ ሰጥቼ ጠቅልዬ አሰርኩት፣ ማሽኑ ሲሳብ እንዳይወጠር። ጫፉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በማርከር ጻፍኩበት፦ «ጥር 19፣ 941።»

ሦስተኛውን ኬብል ነገ ጠዋት፣ ልጆቹ ሳይገቡ።